የኮከብ ቃላት፣ የብፅአት ስም

ጥቅምት 5 ቀን 2016፣ ሰኞ፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር፣ ሱዳን

ዛሬ አስራ ሰባት ተማሪ መጣ። ጦርነቱ ትምህርት ቤቶቹን ከዘጋ ወዲህ ረኩባዬ ጢም ብሏል። የሳር ጣራው ግን ክረምቱ እንዳፈረሰው ነው። መዝገበ ቃላቴን ደግሞ ምስጥ ገብቶበት ከ«ደብልዩ» ወዲያ ያለውን ጠርጎ በልቶታል። ይብላው! በ«ኤክስ» የሚጀምር ቃል ማን ሊጠይቀኝ ነው?

ትልቁ ወሬ ይህ ነው። ከከተማ የመጣች የእርዳታ ድርጅት ሴት የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት፣ የመክተቡ፣ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ለጥፋለች። አምስት ሴት ልጆች ተመርጠው ካምፓላ ሦስት ዓመት ነርስነት ይማራሉ። ፈተናው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ከፈተናው አንዱ ክፍል ደግሞ የእኔው ጨዋታ! ፊደላት ይሰጣሉ፤ እነዚያን ሁሉ የያዙ ቃላት በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጻፍ ነው። በጠርሙስ ቆርኪ ላይ ፊደል ቀብቼ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር። ሰዉ «የመምህር ደረሰ ቁማር» እያለ ሲስቅብኝ ነበር። አሁን ይሳቅ እስቲ።

ኮከብ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አንብባ መጣች። «አባባ፣ አምስት ብቻ ናቸው እኮ የሚወስዱት» አለችኝ።

«አንቺ ስንት ነሽ? አንድ ይበቃሻል» አልኳት። ሳቀች።

ጥቅምት 6

ቅጹን ሞላሁላት። በከርቱ፣ በስደተኛ ካርዱ ላይ ባለው ስም።

ባለቤቴ ዙፋን ቅጹን አየችውና ወደ ጓዳ ገባች። አኩርፋለች። ምን ላድርግ?

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

ይህን ነገር እዚህ ደብተር ላይ ጽፌው አላውቅም። አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ኮከብ የወንድሜ የታምሬ ልጅ ናት። በ2004 ዓ.ም. ታምሬ ሚስቱ ሞታበት፣ ልጁን ይዞ በገላባት ድንበር ተሻግሮ ለሰሊጥ አጨዳ መጣ። «እስክመለስ አደራ» ብሎ ልጅቷን ለእኔና ለዙፋን ትቶ ወደ መፋዛ እርሻ ወረደ። በዚያው ቀረ። የዚያ ዓመት የካላዛር ወረርሽኝ እርሱን እርሻው ላይ ገደለው። እኛን ደግሞ ቤታችን ድረስ መጣ። ብፅአትን ያዘብን። የእኔና የዙፋን ልጅ፣ ስድስት ዓመቷ፣ የኮከብ እኩያ። ገዳሪፍ ከተማ ሐኪም ቤት ዘጠኝ ቀን ተኛች።

ማክሰኞ እዚያው ከተማ ቀበርናት። ሐሙስ ሰፈር ውስጥ የከርት ቆጠራ ነበር። ለቅሶ ብንቀመጥ መክተቡ ይሰማል፣ ስሟ ይሰረዛል። ኮከብ ደግሞ ከርት የላትም። ከርት የሌለው ልጅ ትምህርት ቤት አይገባም፣ ሲታመም አይታከምም። ስለዚህ ዙፋንን «አታልቅሺ» አልኳት። «ለኮከብ ስትይ አታልቅሺ።» የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ነው ከከተማ ድረስ በመኪና የመጣችው። በቆጠራው ቀን ጸሐፊው «ብፅአት ደረሰ» ብሎ ሲጣራ ኮከብን ከኋላዋ ገፋ አደረግኳት። «አቤት በይ» አልኳት። አለች።

ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ኮከብ፣ ወረቀት ላይ ብፅአት። ጎረቤት ያውቃል፤ ዝም ይላል። እዚህ ሰፈር በሰው ስም የሚኖር የሌለበት ቤት ቢፈለግ አይገኝም። እኔ ለራሴ ያተረፍኩት ነገር የለም። ለኮከብ ብዬ ነው።

ጥቅምት 13

ልምምድ። አምስት ቆርኪ ሰጠኋቸው፦ ኤ፣ ኢ፣ ኤች፣ አር፣ ቲ። ለተማሪዎቼ ሁሌ የምነግራቸው ዘዴ አንድ ነው፤ ፊደሎቹን ያዙና ከፊታቸው ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» እያንዳንዱን ፊደል ሞክሩ፣ ቁልፍ እንደሚሞክር ሰው። ምድር፣ ልብ፣ አባት፣ ትንፋሽ፣ ላባ፣ ቆዳ፣ የእንግሊዝኛው ስማቸው ሁሉ አምስቱንም ይዟል።

ኮከብ ግን እንዲህ አትሠራም። ዓይኗን ጨፍና ቤት ለቤት ትዞራለች። «መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን አየዋለሁ፣ ከዚያ በር ላይ ያለውን፣ ከዚያ ሰዎቹን እጠራለሁ» ትላለች። አስራ አንድ ቃል አመጣች። አንዱ «ሴት ልጅ» ማለት የሆነው ቃል ነው። እውነቷን ነው፣ አምስቱም ፊደል አለበት። እኔ ይህን ስብስብ ስንት ዓመት ሳስተምር አይቼው አላውቅም።

ከእርሷ ቀጥላ የምትመጣው አይናለም ናት፣ የጎረቤት ልጅ። ዘጠኝ ቃል። ጎበዝ ናት፣ ግን ትቸኩላለች።

ጥቅምት 21

ከባለፈው ስብስብ «አር»ን አውጥቼ አራቱን ሰጠኋቸው። ሙቀት፣ ጥላቻ፣ ስንዴ እያሉ ቆጠሩ። አይናለም እጇን አውጥታ «ሞት» የሚለውን ቃል ተናገረች። ልክ ናት።

ሰዓቱ አልቋል ብዬ ቆርኪዎቹን ሰበሰብኩ። አላለቀም ነበር።

ኅዳር 2፣ እሑድ

ኢሀብ የመክተቡ ጸሐፊ ነው፣ ሱዳናዊ፣ ደግ ልጅ። ሱቅ አጠገብ አገኘኝና «ያ ኡስታዝ፣ ሰምተሃል?» አለኝ። ከርት ላይ ስሙ የተሳሳተበት፣ የሞተ ሰው ያልተሰረዘለት፣ ያልተመዘገበ ሰው ያለው ሁሉ እስከ ወሩ መጨረሻ መጥቶ እንዲያስተካክል ታዟል። በእኛ እስከ ኅዳር ሃያ ማለት ነው። ጥያቄ የለም፣ ቅጣት የለም። «ከዚያ በኋላ ግን ኸላስ፣ ዝርዝሩ ይዘጋል። ለተማሪዎችህ ወላጆች ንገርልኝ። የነርስነት ፈተና የሚፈተኑትም ስም እስከዚያ ይቀየርላቸዋል።»

ነገርኩ። ለሦስት ቤት ነገርኩ።

እቤት ስገባ ኮከብ ቃል እየጻፈች ነበር። ሐሳቧን መበተን ደግ አይደለም። ፈተናው ይቅደም። ደግሞም እኮ ሃያ ሩቅ ነው።

ኅዳር 7

ዙፋን ከአቶ ኣረጋዊ ጋር አጥር ላይ ስታወራ ሰማሁ። ሽማግሌው ከእኛ ሁሉ ቀድሞ የመጣ ኤርትራዊ ጎረቤታችን ነው። «ልጅቷ ትሂድልኝ፣ አልጠላሁም» ትለዋለች። «በዚያ ስም እልል ሲባል መስማቱን ግን እንዴት እንደምችለው እኔ እንጃ።»

«ደረሰ ምን ይላል?» አላት።

«እርሱማ ምን ይላል? ፊደል ይቆጥራል።»

ያልሰማሁ መስዬ ከጀርባ ዞሬ ገባሁ። ሴት ልጅ ይሄን ያህል ዓመት እንዴት ትቀየማለች? እኔስ አባት አልነበርኩም?

ኅዳር 12

ኮከብ ከልምምድ በኋላ ቀርታ ቆርኪዎቹን ስትለቅም «አባባ፣ በራሴ ስም ብፈተንስ?» አለችኝ።

«የራስሽ ስም የትም ወረቀት ላይ የለም» አልኳት።

«ማስተካከል አይቻልም?»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። «አሁን እርሱን ተይው፣ ቃልሽን አጥኚ» አልኩ።

«ነርስ እኮ ደረቷ ላይ ስሟን ትለጥፋለች። በሽተኛው ሁሉ ብፅአት ሊለኝ ነው፣ ዕድሜ ልኬን?»

«ምን አለው? ጥሩ ስም ነው።»

ቆርኪዎቹን ለቅማ ጨረሰች። ከዚያ ለፈተናው የሚሆን ፊርማ አለማመድኳት፣ አንድ ገጽ ሙሉ። እጇ ያምራል። «ብፅአት ደረሰ፣ ብፅአት ደረሰ» እያለ ገጹ ሲሞላ ሳይ ደስ አለኝ። ገጹን ቀድጄ እዚህ ደብተር ውስጥ አስቀመጥኩት። ለኮከብ ነው የተደሰትኩት።

ኅዳር 19

ነፋስ። አቧራ። የዘንድሮው ኮሌራ አልቆመም፣ ውሃ አፍልተን ነው የምንጠጣው። አራት ተማሪ ለአጨዳ ሄዶ ቀርቷል።

ነገ ሃያ ነው። ነገ እሄዳለሁ። ጧት በማለዳ።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

ሄጄ ነበር። ይህንን እግዜር ይይልኝ።

መክተቡ በር ላይ ሃያ ሰው ይሆናል የተሰለፈው። ከፊቴ የነበረች ሴት የባሏን ሞት ልታስመዘግብ ነው የመጣችው። ኢሀብ «መቼ ሞተ?» አላት፣ ነገረችው። «የት?» አላት፣ ነገረችው። «በምን?» አላት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጥያቄ፣ አለቀ። ባልየውን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። መስመሩ ከስሙ አልፎ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ሄደ። ሴትዮዋ አመስግና ወጣች።

ተራዬ ደረሰ። ኢሀብ ቀና ብሎ «ኡስታዝ! አንተም ስህተት አለህ እንዴ?» አለኝ፣ እየሳቀ። መቼ፣ የት፣ በምን። ሦስቱንም አውቃለሁ። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ኧረ ሰላም ልልህ ነው» አልኩት። ስለ ቤተሰቡ ጠየቅኩት። ወንድሙ ኻርቱም እንደቀረ ነገረኝ። አይዞህ አልኩትና ወጣሁ።

ለዙፋን የት እንደነበርኩ አልነገርኳትም። አልጠየቀችኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እያሰብኩ ነው። ኮከብ ካለፈች ምን ቸገረ? ትሄዳለች፣ ትማራለች፣ ስሙም አብሯት ይሄዳል፣ ያድጋል። ማን ተጎዳ?

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም ናት ዛሬ። ዙፋንና ኮከብ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። እኔ አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ አልኩ።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

ፈተናው አለፈ። ኮከብ እየሮጠች መጣች። የተሰጡት ፊደላት ኢ፣ ኤን፣ አር ነበሩ። ሠላሳ አራት ቃል! መማር፣ መመለስ፣ ጥግ፣ ክረምት፣ አትክልት ቦታ፣ ልጆች። «ነርስ የሚለውንም ጻፍኩት፣ ፊደሉ ራሱ ሰጠኝ» አለች። አይናለም ሃያ ሁለት ነው የጻፈችው አሉ።

እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። ዙፋን ሳይቀር ሳመቻት። እኔም ሳምኳት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ውጤቱ በመክተቡ ግቢ ተነበበ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። የድርጅቷ ሴት በእንግሊዝኛ ትጠራለች፣ ኢሀብ ይደግመዋል። «አንደኛ፣ ብፅአት ደረሰ!»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ ወደ ፊት ልራመድ ስል ዙፋን ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወደቀች አልልም፣ ተቀመጠች፣ ለቅሶ ላይ እንደሚቀመጡት። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከዚያ «ብፅአቴ!» ብላ ጮኸች። «ስድስት ዓመቷን ያልጨረሰችው! አፈር ሳለብሳት ያላለቀስኩላት! የማንን ስም ነው እልል የምትሉት?»

እልልታው ተቋረጠ። አንድ ሁለት ሴቶች ወዲያው አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ። የሚያውቁት ናቸው። የድርጅቷ ሴት «ምን ሆነች?» ብላ ኢሀብን ጠየቀችው። እርሱም ዙሪያውን ጠየቀ። አንድ ሰው ነገረው።

ኮከብ ሮጣ መጥታ ዙፋንን ከመሬት ልታነሳት ሞከረች። እምቢ ስትላት አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ እንደ ግንድ ቆሜያለሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ስንት ዓመት በልኩ ያቆየሁትን ነገር በአንድ ጩኸት አበላሸችው! እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ ልዋሽ አልችልም።

ታኅሣሥ 8

ዙፋን ከትናንት ጀምሮ ለቅሶ ተቀምጣለች። ሰው እየመጣ ነው። አቶ ኣረጋዊ ከሁሉ ቀድሞ ምንጣፉን ይዞ መጣ። «እኛማ ያኔም መምጣት ፈልገን ነበር» አለኝ። «ግን ባለቤቱ ያላለቀሰውን እንዴት ብለን እናልቅስ?»

ውሃ አቀበልኩት።

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ

ወድ መደኒ ከተማ በጦርነቱ ተያዘች። መንገዱ ሁሉ ከዚያ በሚሸሽ መኪና ተሞልቷል፣ ፍራሽና ሕፃን የጫነ ፒካፕ። ገዳሪፍም አትቀርም ይላሉ። ድርጅቱ ደንግጦ ልጆቹን በሳምንት ውስጥ በገላባት ሊያወጣ ነው። ኢሀብ መልእክት ልኮብናል፤ እሑድ እኔና ኮከብ መክተብ እንድንቀርብ።

አጭር ነው የምጽፈው።

ታኅሣሥ 11

ኮከብ አልተቆጣችም። ያስፈራኝ ይሄ ነው። «እንዲያውም ይሻላል አባባ» ትለኛለች። «እውነቱን እንነግራቸዋለን። ቃላቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ አይደል? ከፈለጉ ፊታቸው ተቀምጬ እንደገና እጽፍላቸዋለሁ። ስም ማስተካከል ምን ያቅታቸዋል?» ቀሚሷን አጥባ አስጥታለች።

«ኮከብ» አልኳት። «አቤት» አለች። «ምንም» አልኳት።

ታኅሣሥ 13

ዛሬ ልነግራት ነበር። እንግዳ በዛ። ነገ መንገድ ላይ እነግራታለሁ።

ታኅሣሥ 14፣ እሑድ

መንገድ ላይ አልነገርኳትም። እርሷ ቃል እየተለማመደች ነበር የምትሄደው፣ ምናልባት እንደገና ከፈተኗት ብላ።

የድርጅቷ ሴት ጠረጴዛ ላይ ናት፣ ኢሀብ አጠገቧ ያስተረጉማል። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ዓይኗ ቀልቷል፣ እንቅልፍ ያጣች ትመስላለች። «ብፅአት ደረሰ የት ናት?» አለችኝ።

«ሞታለች» አልኩ። በአስራ ሁለት ዓመት ውስጥ ቃሉን ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው። ቀላል ቃል ነው። ኢሀብ መቼ፣ የት፣ በምን አለኝ፤ መለስኩ። በቀይ ሰረዛት። መስመሩን አየሁት፣ ምንም አልሆንኩም። ያን ሁሉ የፈራሁት ይህን ነበር።

ከዚያ ሴትዮዋ ለኮከብ ነገረቻት። የፈተናው ወረቀት የሞተ ሰው ነው፤ በሞተ ሰው ስም ድንበር ማሻገር አይቻልም፤ ቦታው ለስድስተኛዋ፣ ለአይናለም ተሰጥቷል። ኮከብ «አሁን እዚሁ እንደገና ልፈተን» አለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ጥርት አድርጋ። ሴትዮዋ አንገቷን ነቀነቀች። «ችሎታሽን አልጠራጠርም። ዝርዝሩ ግን ባለፈው ወር መጨረሻ ተዘግቷል። እስከዚያ ብትመጪ ኖሮ የስም ማስተካከል ብቻ ነበር፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ። ለሁሉም ተነግሯል እኮ።»

ኮከብ ወደ ኢሀብ ዞረች። «ለማን ነው የተነገረው?» አለችው በዐረብኛ። «እኛ ቤት ማንም አልነገረንም።»

ኢሀብ እኔን አየኝ። ምስኪን፣ ሊያተርፈኝ ፈልጎ ነበር። መጨረሻ ላይ «ለኡስታዝ ነግሬው ነበር፣ ባለፈው ወር» አለ። «በመጨረሻው ቀንም መጥቶ ነበር። ሰላም ብሎኝ ሄደ።»

እመታለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው እንደሚያደርገው አንገቴን ሰበርኩ። ወደ እኔ አልዞረችም። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ «እኔን መዝግበኝ» አለችው ለኢሀብ።

አዲስ ቅጽ አወጣ። ስም? ኮከብ ታምሬ። አባት? ሞቷል። እናት? ሞታለች። ማን አሳደገሽ?

«ዙፋን» አለች። «እናቴ ዙፋን።»

ሴትዮዋ በእስክሪብቶዋ ወደ እኔ ጠቆመች። «እሳቸውስ ምንሽ ናቸው?»

«አስተማሪዬ ናቸው» አለች ኮከብ። ኢሀብ ጻፈው።